የተሰነጠቀ መስታወት ዕዳ በሾፌሩ ላይ አይጫን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የተከበሩ አዘጋጅ፣

ከሞጆ ደረቅ ወደብ ተነሥቶ በአዳማ፣ በወለንጪቲ፣ በመተሐራና በአዋሽ ሰባት ኪሎ አድርጎ ወደ ጅቡቲ የሚዘልቀው መንገድ የአገራችንን አብዛኛውን የገቢና የወጪ ንግድ ጭነት ተሸክሞ የሚውል ነው። በዚህ መንገድ ስለሚመላለሱ ከባድ መኪኖች ሲነሣ ስለ ጎማቸው፣ ስለ ፍሬናቸውና ስለ ሾፌሮቹ ድካም ብዙ ይባላል፤ ተገቢም ነው። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ አሻግሮ ስለሚያይበት የፊት መስታወት ግን የሚናገር ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም። እኔ በአዳማ ከተማ በከባድ መኪና ጥገና የምተዳደር ሰው ነኝ። ወደ ጋራዣችን ከሚመጡት የተሰነጠቁ መስታወቶች ብዙዎቹ በጊዜው ቢያዙ ኖሮ በጥቂት ወጪ ይድኑ እንደነበር ስለማይ፣ ሳይድኑ የሚቀሩበትም ምክንያት በአመዛኙ በባለንብረቱና በሾፌሩ መካከል ካለው አሠራር የሚመነጭ ስለሆነ፣ ጉዳዩ በጋዜጣችሁ በኩል ለሚመለከታቸው እንዲደርስ ይህን ጽፌያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በርካታ ባለንብረቶች መኪናው ጉዞ ላይ ሳለ መስታወቱ ከተሰነጠቀ የአዲሱን ዋጋ ከሾፌሩ ደመወዝ ወይም ከጉዞ አበሉ ላይ ይቆርጣሉ። ምክንያታቸውን ስጠይቅ የማገኘው መልስ ተመሳሳይ ነው፤ «ካልተቆረጠበት አይጠነቀቅም» ይሉኛል። ከፊቱ ከሚሄድ ገልባጭ መኪና ጎማ ሥር ተፈናጥሮ የሚመጣን ጠጠር ሾፌር በምን ዓይነት ጥንቃቄ ያስቀረዋል? በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በዚያው ፍጥነት ከሚመጣ ሌላ መኪና ጋር ሲተላለፍ፣ ከዚያኛው ላይ የወደቀ ጠጠር መስታወቱን የሚመታው እስከ 160 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ነው፤ ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ ደግሞ የምቱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ከፊት ካለው መኪና ርቀትን መጠበቅ አደጋውን ይቀንሰዋል፤ ጨርሶ ግን አያስቀረውም። ስለዚህ ቅጣቱ ያመጣው ውጤት አንድ ብቻ ነው፤ ሾፌሩ መስታወቱ መመታቱን ለማንም አይናገርም።

ይህ ዝምታ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለመረዳት የፊት መስታወት እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል። የበር መስታወት አንድ ገበታ ሲሆን፣ በሙቀት የጠነከረ ስለሆነ ሲሰበር በአንድ ጊዜ ወደ ጥቃቅን ፍንካች ተለውጦ ይረግፋል። የፊት መስታወት ግን ሁለት ስስ ገበታዎች፣ በመካከላቸው ፖሊቪኒል ቡቲራል የተባለ ብርሃን አሳላፊ የፕላስቲክ ንጣፍ ገብቶ፣ በሙቀትና በግፊት ተጣብቀው የተሠሩበት ነው። ቢሰነጠቅም ንጣፉ ስለሚይዘው ከቦታው አይወርድም፤ በግጭት ጊዜም ሾፌሩ ወይም ረዳቱ በመስታወቱ በኩል ተወርውሮ እንዳይወጣ ያግዛል። ጠጠር ሲያርፍበት ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው የውጪው ገበታ ብቻ ነው። ሾፌሩ ከጋቢና ውስጥ ሆኖ በተመታው ቦታ ትክክል ጥፍሩን ሲያስኬድ ምንም ሸካራ ነገር ካላገኘ፣ የውስጡ ገበታ አልተነካም ማለት ነው። እንዲህ ያለው ጉዳት ነው በሙጫ የሚድነው።

ከአዳማ ወደ ታች ያለው መንገድ ግን ለተመታ መስታወት ጊዜ አይሰጥም። መኪናው ከአዳማ ማለዳ በቅዝቃዜ ይነሣል፤ ቀትር ላይ መተሐራ ወይም አዋሽ ሲደርስ መስታወቱ እጅ አያስነካም፤ ወደ አፋር ሲዘልቅ ደግሞ የአየሩ ሙቀት ብቻውን ከ40 ዲግሪ በላይ የሚሆንበት ወቅት አለ። መስታወት ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይሸማቀቃል፤ የተመታው ቦታ ላይ ያለው ጫፍ ይህን ጫና መቋቋም ስለማይችል ስንጥቁ ከዚያ ተነሥቶ ይሮጣል። ረዳቱ አቧራውን ለማጠብ ብሎ በጋለው መስታወት ላይ አንድ ጀሪካን ቀዝቃዛ ውኃ ያፈሰሰ ዕለት፣ የጥፍር ያህል የነበረው ምት ዓይን እያየ ክንድ የሚያህል ስንጥቅ ሲሆን ተመልክቻለሁ። የጋቢናው ማቀዝቀዣ ነፋሱን በቀጥታ ወደ መስታወቱ ሲተፋም ያው ነው። በዚህ ላይ ጎድጓዳ መንገድ ጋቢናውን ያጣምመዋል፤ ሞተር ለማየት ጋቢና በሚነሣበት ጊዜም የመስታወቱ ፍሬም በመጠኑ ይላወሳል። ከከተማችን ወጣ ብሎ የተተከሉትን የነፋስ ተርባይኖች የሚያሽከረክረው ነፋስ የሚያመጣው አቧራ ደግሞ በስንጥቁ ውስጥ ይገባል። አቧራ፣ ቅባትና የሳሙና ውኃ አንዴ ከገቡበት በኋላ ሙጫው መስታወቱን በደንብ አይዝም፤ ቢይዝም ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይቀራል።

ስለ ጥገናው ጥቂት ልበል፤ ብዙ ባለንብረቶች እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ስለማያውቁ ወይም ማታለያ ስለሚመስላቸው ነው። ባለሙያው በተመታው ቦታ ላይ ትንሽ መሣሪያ ይተክልና በመጀመሪያ በስንጥቁ ውስጥ ያለውን አየርና እርጥበት ይስባል። ቀጥሎ እንደ ውኃ የቀጠነ ሙጫ በግፊት ያስገባል። ስንጥቁ በሙጫ ሲሞላ ነጭ ሆኖ ይታይ የነበረው መስመር ከመሐል ወደ ጫፍ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ የሥራው ጥራት የሚታወቀውም እዚያ ላይ ነው፤ ምክንያቱም የቀረ ነጭ መስመር ካለ አየር ተቀብሮበታል ማለት ነው። ከዚያም በአልትራቫዮሌት መብራት ይደርቃል፣ ትርፉም ይፋቃል። ሙጫው በፀሐይ ብርሃንም ስለሚደርቅ ሥራው ሳያልቅ ፀሐይ እንዳያገኘው በጥላ መሥራት ግድ ነው። ሁሉም ነገር ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ዱካው ጨርሶ አይጠፋም፤ ስንጥቁ ግን ባለበት ይቆማል።

ሁሉም ጉዳት ይጠገናል ማለቴ አይደለም። የሳንቲም ስፋት ያለው ምትና አጭር ስንጥቅ ይጠገናል። የውስጡ ገበታ ወይም የመካከሉ ንጣፍ ከተነካ፣ ስንጥቁ የመስታወቱን ጠርዝ ከያዘ፣ ወይም ጉዳቱ በቀጥታ ከሾፌሩ ዓይን ፊት ከሆነ መስታወቱ መቀየር አለበት፤ የመጨረሻው የሆነበት ምክንያት የጥገናው ዱካ ራሱ ብርሃን ስለሚበትን ነው። ጥገና በሌለበት መንገድ ላይ የተመታበት ሾፌር ደግሞ ማድረግ ያለበት ቀላል ነገር ነው፤ ቦታውን በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ ግልጽ ፕላስተር ይለጥፍበት፣ ውኃ አያስነካው፣ ማቀዝቀዣውን ከመስታወቱ ላይ ያንሣ። ከተማ እስኪደርስ ይህ ይበቃዋል።

ባለፈው ክረምት አንድ ወጣት ሾፌር ፍሬን ሊያሳስር መኪናውን አመጣ። በመስታወቱ ላይ፣ ከመሪው ትንሽ ወደ ጎን ብሎ፣ ጥቅስ የተጻፈበት ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል። ቦታው እይታ የሚከልል ስለሆነ ለምን እዚያ እንደለጠፈው ጠየቅሁት። መጀመሪያ ለጌጥ ነው አለኝ፤ ወረቀቱን ከጠርዙ ነካ ሳደርገው ግን እጄን ያዘና «ጋሼ፣ ለባለንብረቱ እንዳይነግሩብኝ፣ ልጆች አሉኝ» አለኝ። ከሥሩ ያለው ስንጥቅ ሦስት አቅጣጫ ይዞ አንዱ ጫፉ መስታወቱን ዙሪያውን እስከሚይዘው ጎማ ደርሷል። ወለንጪቲ አካባቢ ከተመታ በኋላ የሾፌሩ ጭንቀት መስታወቱ እንዳይታይ ብቻ ነበር፤ ወረቀቱን ለማጣበቅ የተጠቀመበት ሙጫና ከሥሩ የገባው ውኃ ደግሞ ቦታውን ሙሉ በሙሉ አበላሽተውታል። በተመታ ማግሥት ቢያመጣው የሚበቃው አንድ ጠብታ ሙጫ ነበር። ባለንብረቱ በመጨረሻ ሙሉ መስታወት ገዛ፤ ሾፌሩም ያንኑ ዋጋ በየወሩ እየተቆረጠበት ከፈለ። ሁለቱም ከሰሩ፤ በመካከሉም ያ መኪና እይታው በተከለለ ሾፌር እጅ ስንት ጊዜ አዋሽ ደርሶ እንደተመለሰ አስቡት።

እይታን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ማለዳ ከአዳማ ወደ አዋሽ የሚወርድ ሾፌር ፀሐይ ፊት ለፊቱ ናት፤ ማታ ወደ አዳማ ሲመለስም እንደዚሁ ፊት ለፊቱ ናት። ዝቅ ብላ የምትመጣ ፀሐይ ስንጥቅ ላይ ስታርፍ መስታወቱ በሙሉ ነጭ ይሆናል፤ በጨለማም ረዥም መብራቱን ሳይቀንስ የሚመጣ መኪና ያንኑ ያደርጋል። በበሰቃ ሐይቅ ዳር በሚያልፈው መንገድ ላይ ግመልና ከብት ሲሻገር፣ ሾፌሩ እንስሳውን የሚያየው ሊደርስበት ሲል ነው። አርባ ቶን የሚመዝን መኪና ደግሞ እንደ ቤት መኪና እዚያው ላይ አይቆምም። በመጥረጊያው ጎማ ማለቅ የተነሣ የተጫረ መስታወትም፣ ስንጥቅ ባይኖረውም፣ ተመሳሳይ ችግር ያመጣል፤ ያለቀ የመጥረጊያ ጎማ መቀየር ከሁሉ የረከሰው ጥንቃቄ ነው።

መስታወቱ መቀየር ግድ ሲሆን ደግሞ ሌላው ችግር ይመጣል፤ እሱም ጥድፊያ ነው። የቆዩ መኪኖች መስታወት በጎማ የሚያዝ ነው። ጎማው በመስታወቱ ዙሪያ ይለበስና በጎማው ቦይ ውስጥ ሲባጎ ይዞርበታል፤ አንዱ ከውጪ መስታወቱን ሲገፋ ሌላው ከጋቢና ውስጥ ሲባጎውን ቀስ እያለ ይስባል፤ የጎማው ከንፈርም በላሜራው ላይ እየተገለበጠ ይቀመጣል። ይህ ሥራ ሲያልቅ መኪናው ወዲያው ሊወጣ ይችላል፤ ዋናው ነገር የደረቀና የተሰነጣጠቀ አሮጌ ጎማ ተመልሶ አለመግባቱ ነው። አዳዲሶቹ መኪኖች ግን በብዛት በፖሊዩሬቴን ሙጫ የሚጣበቅ መስታወት አላቸው፤ የእነዚህ ሥራ ፈጽሞ የተለየ ነው። አሮጌው ሙጫ በቀጭን ሽቦ ይቆረጣል፤ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር የሚሆን ስስ ንጣፍ በላሜራው ላይ ይተዋል፤ አዲሱ ሙጫ በደንብ የሚይዘው እሱን ስለሆነ። የተጫረና የዛገ ላሜራ ካለ ዝገቱ ተፍቆ ማያያዣ ቀለም ይቀባል። ይህን ዘልሎ በዝገት ላይ ያጣበቀ ሰው ጥቂት ቆይቶ ውኃ የሚያስገባ መስታወት ያስረክባል።

በከተማችን በአንዳንድ ቦታ ለዚህ ሥራ ለመታጠቢያ ቤትና ለመስኮት የሚሆነው ተራ ሲልከን ሲቀባ አያለሁ። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ሲያዩትም ያምራል። ነገር ግን የመኪናን መንቀጥቀጥና የግጭት ጉልበት ለመሸከም የተሠራ አይደለም፤ ከዚህም በላይ ቅሪቱ በላሜራው ላይ ከቀረ በኋላ ትክክለኛው ሙጫ እንዳይይዝ ያደርገዋል። ፖሊዩሬቴኑ ራሱም ጊዜ ይፈልጋል። የሚደርቀው በአየር ውስጥ ካለው እርጥበት ጋር ተዋህዶ ነው። እንደ ሙጫው ዓይነት ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ብዙ ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ በበጋ የአዳማ አየር ደረቅ በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ ሙቀቱ ቢኖርም ይዘገያል። የሚበቃው ጊዜ በማሸጊያው ላይ ተጽፏል። እሱን አንብቦ ለባለንብረቱ የሚነግር ባለሙያ ግን «ጭነት እየጠበቀኝ ነው፣ ዛሬ ካላወጣኸው ሌላ ጋ እወስደዋለሁ» ይባላል። ብዙዎችም ገበያቸውን ላለማጣት መኪናውን ሙጫው ሳይይዝ ይሰጣሉ። ቢያንስ በመጀመሪያው ቀን የበሩን መስታወት ትንሽ ዝቅ አድርጎ መንዳትና በርን በኃይል አለመዝጋት ይገባል፤ በታፈነ ጋቢና በር ሲወረወር የሚፈጠረው የአየር ግፊት ያልጠነከረውን ሙጫ ይገፋዋል።

አዲስ መስታወት ሲገዛም ጥግ ላይ ያለውን ማኅተም ማንበብ ያስፈልጋል። ለፊት መስታወትነት የተሠራ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍና የደረጃ ምልክት፣ ለምሳሌ በአውሮፓ ደንብ በክብ ውስጥ ያለ የላቲን ፊደልና የአገር ቁጥር፣ በቻይና ደግሞ የሲሲሲ ምልክት ሊኖረው ይገባል። ምንም ምልክት የሌለውን መስታወት ዋጋው ስለቀነሰ ብቻ መግዛት ተገቢ አይደለም። የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ከውጭ የሚገባው መለዋወጫ ሁሉ እንደተወደደ አውቃለሁ፤ ርካሹን የመፈለግ ግፊቱም ከዚያ ይመጣል። የጥገናን ነገር አጥብቄ የማነሣውም ስለዚህ ነው። አንድ አዲስ መስታወት ተቀይሮ መኪናው ጭነት ሳይዝ የሚቆምበት ቀን ሲታሰብ፣ በየጊዜው የተመቱ ቦታዎችን ማስጠገን ለባለንብረቱ ኪስ ይቀለዋል።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ እንዲሁ እንዳይቆርጥ ይከለክላል፤ መቁረጥ የሚቻለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ ሊበልጥ አይችልም። በቃል ብቻ «ከአበልህ ይያዛል» ተብሎ የሚደረገው አሠራር ከዚህ ጋር አይሄድም። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው የሦስተኛ ወገን መድን የራስን መስታወት አይሸፍንም፤ ሙሉ መድን የገቡ ባለንብረቶች ግን ውላቸው ስለ መስታወት ምን እንደሚልና ከራሳቸው የሚከፍሉት መነሻ ስንት እንደሆነ አንብበው ቢያውቁ፣ ከሾፌሩ ከመቁረጣቸው በፊት ሌላ በር መኖሩን ያገኙ ነበር።

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ እንዲመረመሩ ያዛል። በምርመራውም ሆነ በመንገድ ላይ ግን የተሰነጠቀ መስታወት ጉዳይ በዓይን ግምት ሲወሰን አያለሁ፤ አንዱ ተቆጣጣሪ ያሳለፈውን ሌላው ያቆመዋል። ይህ በልኬት ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ የፌዴራል የጭነት መኪና ደንብ፣ በሾፌሩ እይታ ክልል ውስጥ ሌላ ስንጥቅ ያልተሻገረው አንድ ስንጥቅ ይታለፋል፤ ወደ 19 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ሊሸፈን የሚችል ምትም፣ ከሌላ ጉዳት ወደ 75 ሚሊ ሜትር ከራቀ፣ አያስቀጣም። በእንግሊዝ ደግሞ ከመሪው ትይዩ ባለው ቁመታዊ ክልል ከ10 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ፣ በቀረው የመጥረጊያ ክልል ከ40 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ጉዳት መኪናውን ከምርመራ ይጥለዋል። የእነሱን ቁጥር እንዳለ እንውሰድ አልልም፤ መንገዳችንና መኪናችን ይለያል። ቁጥር ይኑር ነው የምለው። ሾፌሩ፣ ባለንብረቱና ተቆጣጣሪው አንድ ዓይነት ማስመሪያ ሲይዙ ክርክሩ ያጥራል፤ ሾፌሩም ሳይፈራ «ይህን ያህል ሆኗል፣ ይጠገን» ማለት ይችላል።

የጠጠሩ ምንጭም መረሳት የለበትም። በአዳማ ዙሪያ ካሉት የአሸዋ፣ የገረጋንቲና የኮረት ማውጫዎች የሚወጡ ገልባጮች ያለ ሸራ፣ አንዳንዴም ከጎናቸው በላይ ቆልለው ጭነው ሲሄዱ በየዕለቱ እናያለን። ከሥራ ቦታው ሲወጡ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል የተሰካውን ድንጋይ የሚያወጣ ሰውም አላይም። ሸራ ያላለበሰውን ገልባጭ ከማውጫው በር ላይ መመለስ ለትራፊክ ፖሊስም ሆነ ለከተማ አስተዳደሩ ከባድ ሥራ አይደለም፤ ከኋላው የሚመጣው ሾፌርም በሌላ ሰው ጭነት አይቀጣም።

በእኔ በኩል የምጠይቀው ይህን ነው። የጭነት ማኅበራት ለአባሎቻቸው በጋራ የሚያገለግል የመስታወት መጠገኛ ዕቃ በአዳማና በአዋሽ ያስቀምጡ፤ አንድ መካኒክ ለማሠልጠን ብዙ ጊዜ አይወስድም። ባለንብረቶች በተመታ በሦስት ቀን ውስጥ የተነገረ ጉዳት በእነሱ ወጪ እንደሚጠገን፣ ከሾፌሩም ምንም እንደማይቆረጥ በሥራ ውሉ ላይ ያስፍሩ። የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱም ከመጪው ዓመታዊ ምርመራ በፊት የሚፈቀደውን የስንጥቅ ልክ በሚሊ ሜትር ወስኖ በየመመርመሪያ ጣቢያው በር ላይ ይለጥፍ።

ከአክብሮት ጋር

የከባድ መኪና ጥገና ባለሙያ
አዳማ